ጎማ ላሌ

ወንድሜ በክሪ መኪና እንጂ አማርኛ መንዳት አይችልም ነበር። ወላሂ አላጋነንኩም። የመሥሪያ ቤቱን ላንድሮቨር ይዞ የቦኬን ጠመዝማዛ ዓይኑን ጨፍኖ ይወጣዋል፤ አማርኛ ላይ ሲደርስ ግን በየግሡ ይገለበጣል። "እኔ መጣ" ይላል፤ "አንቺ ሻይ ቀዳ" ይለኛል። እኔ እዚሁ አሰበ ተፈሪ ከአክስታችን ጋር ያደግሁ የከተማ ልጅ ስለሆንኩ ሁለቱም ቋንቋ አፌ ላይ ነው። እሱን ግን አባታችን ሲሞት አጎታችን አብዱልቃዲር ወሰዱት። ከቦኬ ወዲህ ባለው በእናታችን መንደር፣ ከራሳቸው ልጆች ሳይለዩ፣ ከአፋቸው ነጥቀው እያጎረሱ ነው ያሳደጉት። እዚያ ደግሞ አማርኛ ማን ይናገራል?

ሻይ ቤቴ መጥቶ ሆጃውን፣ የቡና ገለባ ሻዩን፣ እየጠጣ ወሬ ሲጀምር ደንበኛው ሁሉ በሳቅ ይሞታል፤ ቀዳሚዋ ደግሞ እኔ ነኝ። "አቦ በክሪ፣ ይሄ አማርኛህ አንድ ቀን ያሳስርሃል!" እለዋለሁ። "ላንድሮቨር አማርኛ አይሰማ፤ እኔ ምን ቸገረ?" ይለኛል። ያኔ ቀልድ ነበር። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ነገሩ የሆነው በምሥራቅ በኩል የነበረው ጦርነት ጋብ ያለ ሰሞን፣ በክረምት ነው። ጦርነቱ ጋብ ቢልም ፍርሃቱ ጋብ አላለም። በየቀኑ "ሰርጎ ገብ ገባ፣ መንገድ ተቆረጠ" ይባላል። ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ አንድ መንደር አጠገብ መንገዱ ላይ የድንጋይ ክምር ተገኘ ተብሎ የመንደሩ ወንዶች በሙሉ በጭነት መኪና ተወሰዱ። ድንጋዩን ማን አስቀመጠው ብሎ የጠየቀ የለም። ጎጆዎቹ ተቃጠሉ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው በሻይ ቤቴ በር ሲያልፉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ውሃ ልስጣችሁ ብል እንኳ ቀና ብላ ያየችኝ አልነበረችም። ወንዶቹ እስከ ዛሬ አልተመለሱም።

በክሪ ያን ቀን አንድ ጓድ ከቦኬ ይዞ ወደ ከተማ ይመለስ ነበር። ሁለቱ ብቻ ናቸው መኪናው ውስጥ። የመጨረሻው ቁልቁለት ላይ የፊት ቀኝ ጎማው ተነቅሎ ወጣና መኪናው ተገለበጠ። ሰውየው እዚያው ሞተ። በክሪ ክንዱ ተሰንጥቆ ከመኪናው ሥር ወጣ። አላህ አተረፈልኝ ብዬ ሳላመሰግን ከመንገዱ አንስተው ላይኛው ግቢ አስገቡት። ላይኛው ግቢ የምንለው ኮረብታው ላይ ያለውን እስር ቤት ነው፤ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም።

ምግብ ይዤ ሮጥኩ። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ፣ በድሪ የሚሉት የዚሁ አገር ልጅ፣ ሳህኔን እንኳ አልተቀበለኝም።

"ለአሻጥረኛ ምግብ አይገባም" አለኝ።

"የምን አሻጥር?"

"ጎማውን አላልቶ ነው ጓዱን የገደለው። ራሱ አምኗል፤ ቃሉን ሰጥቷል።"

በክሪ? ዶሮ መንገድ ስታቋርጥ መኪና አቁሞ የሚጠብቀው በክሪ? ያኔ በአሻጥር የተያዘ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። አንድ ጠዋት ምግብ ይዘሽ ስትሄጂ "ከዚህ በኋላ አታምጪ" ይሉሻል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሬሳም የለ፣ መቃብርም የለ።

ሻይ ቤቴ ከኩማ ጋራዥ ጋር በአጥር ይዋሰናል። ጋራዥ ስላችሁ ሌላ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ዛፍ፣ ከሥሩ በዘይት የጠቆረ መሬት፣ ዙሪያውን የብረት ቁርጥራጭ። ኩማ ጴንጤ ነው። ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ መዝሙሩን በለሆሳስ ነው የሚለው፤ ሥራ ሲጥመው ግን ይረሳውና ድምፁን ይለቀዋል። ያን ጊዜ እኔ በአጥሩ ላይ ጠጠር ወርውሬ አፉን አዘጋዋለሁ። እሱም "ተባረኪ" ይለኛል። እልኸኛ ነው፤ ካለ አለ ነው።

ላንድሮቨሩን ጎትተው እሱ ዘንድ አመጡት። የወጣውንም ጎማ ወረወሩለት። "ቶሎ አስነሳው" አሉት እንጂ እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቀው የለም። የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

"ኩማ፣ በምታመልከው ጌታ፣ እየው። ወንድሜ ይህን ጎማ አላልቶታል ወይስ አላላላውም?"

"እኔ የመኪና እንጂ የሰው ልብ አልመረምርም" አለኝ። አለና ግን ወዲያው ክሪኩን አስገብቶ መኪናውን አነሳ።

መጀመሪያ ጎማው የሚቀመጥበትን ብረት፣ እነሱ ቸርኬ የሚሉትን፣ ዛፉ ሥር አጋድሞ በጣቱ ጠርዝ ጠርዙን ዞረው። አንድ ቦታ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ብረቱ ወደ ውስጥ ታጥፏል። የጎማውም ጎን እዚያው ላይ ተሰንጥቋል።

"ሲገለበጥ ነዋ የታጠፈው" አልኩት።

"ሲገለበጥማ ይህ ጎማ መኪናው ላይ የለም፤ ቀድሞ ወጥቶ ተንከባሎ ሄዷል። ይህ ከዚያ በፊት የተመታ ነው።" ከዚያ ከመኪናው ሥር ገብቶ ጠራኝ። "ነይ እይ። የላላ ጎማ ሲወጣ ዳዶው ተፈትቶ ይጠፋል፤ ብሎኑ ራቁቱን ይቀራል። እነዚህን እያቸው፤ አንገታቸውን ተበጥሰዋል። ይሄ አንዱ ደግሞ ጭራሽ አልተበጠሰም፤ የቸርኬው ቀዳዳ ተቀዶ ነው የወጣለት። ዳዶው አሁንም እላዩ ላይ ነው። እስቲ ፍቺው።"

ቁልፉን ሰጠኝ። በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩበት፤ ንቅንቅ አላለም።

"ይሄ ነው የላላው?" አለኝ።

እያለቀስኩ ሳቅሁ። የተበጠሱትንም አሳየኝ፤ የስብራታቸው ፊት ግማሹ ጠቁሯል፣ ግማሹ ያበራል። "ይህ ብረት በሁለት ጊዜ ነው የሞተው" አለ። "መጀመሪያ ተሰነጠቀና ጭቃ ገባበት። የቀረው ቁልቁለቱ ላይ ተበጠሰ። ወንድምሽ መንገድ ላይ አንድ ነገር በኃይል ገጭቷል፤ ከዚያ ትንሽ ነድቷል፤ ከዚያ ጎማው ወጣ። ሌላ ነገር የለውም።"

"ተነስ! ተነስ እንሂድ፣ ይህንኑ ንገርልኝ!"

"ቆይ እስቲ።"

በጎማውና በታጠፈው ብረት መካከል የተሰነቀረ ነገር ነበር። በካቻቢቴ ፈልቅቆ አወጣው። የደረቀ ቀይ ጭቃ ነው፤ ውስጡ የማሽላ አገዳ ስብርባሪ አለበት። ኩማ መዳፉ ላይ አድርጎ አየውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ይሄ የመንገድ ድንጋይ አይደለም፣ ረዲያ። በአገዳ የተለወሰ ጭቃ ነው። ሰው የሠራው ነው።"

አገዳውን የማላውቀው መሰላችሁ? የእናቴ መንደር ሰዎች ክረምት ሲገባ ጎርፉን ከመንገድ ወደ ማሳቸው የሚመልሱበት ክትር ነው። አፈሩን በአገዳ ለውሰው፣ ድንጋይ ደልድለው፣ መንገዱን አቋርጠው ይሠሩታል። አያቶቻችንም ይሠሩት ነበር፤ ያኔ በዚያ የሚያልፈው አህያ ነው፣ አህያ ደግሞ ክትር አይገጭም። ውሃው ካልተመለሰ ማሽላ የለም፤ ማሽላ ከሌለ መንደር የለም። ክትሩን በየዓመቱ ሰው ሰብስበው የሚያሠሩት ደግሞ አጎቴ አብዱልቃዲር ናቸው። እነዚያ የተቃጠሉት ጎጆዎች ዓይኔ ላይ መጡ።

"ኩማ፣ ክትር እንዳትል። ጉድጓድ በል። ጉድጓድ ባለቤት የለውም።"

"አልዋሽም።"

"አቦ አንተ ሰውዬ! መንደር ልታስጨርስ ነው?"

"ጠንካራ ነገር ገጭቷል እላለሁ። ይህ እውነት ነው። ምን እንደሆነ ግን በዓይኔ አላየሁም" አለና ጭቃውን ከነአገዳው ኪሱ ከተተው። ከዚያ ቸርኬውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቀድሞኝ ዳገቱን ተያያዘው። አምልኮቱ ተዘግቶበት፣ በሩቅ የሚሸሸውን ግቢ በእግሩ ሄደበት። ይህን ውለታውን እስክሞት አልረሳውም።

መርማሪው ጓድ ልሳኑ ይባላል፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ ነው። ስሙ ልሳኑ ይሁን እንጂ የእኛን ልሳን አንዲት ቃል አያውቅም። ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል። አውሬ ነበር ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ አልነበረም። ኩማ ቸርኬውን ወለሉ ላይ አጋድሞ ሲያስረዳው ጎንበስ ብሎ ሰማው፤ የታጠፈውን ቦታም በእጁ ነካው።

"ብረቱ ያለውን ሰማሁ" አለ በመጨረሻ። "ሰውየው ያለው ግን ሌላ ነው። በጎማው ምን አደረግህ ስለው፣ 'ወረደ፣ ጎማ ላሌ፣ ነዳ' አለኝ። ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ ጎማ ላሌ፣ ጎማ ላሌ ነው የሚለው። አማርኛው ቢሰባበርም አላላሁ ማለቱ ይጠፋኛል?"

"ምን አለ? ላሌ ነው ያለው?" ጮህኩ። "ያ አላህ! ጓድ ልሳኑ፣ ላሌ ማለት እኮ በኦሮምኛ አየሁ ማለት ነው! ገበያ ሲያልፉ 'ላሊ! ላሊ!' እያሉ ሲጣሩ ሰምተው አያውቁም? እይ፣ ተመልከት ማለታቸው ነው! ወርጄ ጎማውን አየሁት፣ ከዚያ ነዳሁ ነው ያለው! አላላሁ አላለም! አየሁ ነው ያለው!"

ኩማም "ልክ ናት ጓድ" አለ።

ጓድ ልሳኑ በሩ ላይ ወደቆመው በድሪ ዞረ። "እውነት ነው?"

"አዎ ጓድ። ላሌ አየሁ ነው" አለ በድሪ።

"ስንጠይቀው አልነበርክም እንዴ? ምነው ታዲያ ዝም አልክ?"

"አልተጠየቅሁም ጓድ።"

በቁሜ አበድኩ። ለካ አንድ ሰው አፉን ባለመክፈቱ ነው ወንድሜ እዚያ የከረመው! ጓድ ልሳኑም ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። ያኔ የበክሪን እጅ ይዤ ቁልቁል የምወርድ መሰለኝ፤ እቤት ሳደርሰው ምን እንደማበላው ሁሉ አሰብኩ።

"ታዲያ ለምን ወረደ?" አለ ጓድ ልሳኑ ቀስ ብሎ። "ለምን ጎማውን አየው?"

"አንድ ነገር ገጭቶ ነዋ።"

"ምን?"

ኩማ ወለል ወለሉን ያያል። እኔ ቀደምኩ። "ጉድጓድ ነው ጓድ። ክረምት አይደል?"

ራሱን ነቀነቀ። "ያ መንገድ ገና ባለፈው በዘመቻ የተደለደለ ነው። እኔ ራሴ ቆሜ አስደልድያለሁ፤ ጉድጓድ የለውም። የገጨው ነገር ካለ ሰው ያስቀመጠው ነው።" ከወንበሩ ተነሳ። "በድሪ፣ ሰውየውን አምጣው። የገጨበትን ቦታ ያሳየኛል፣ አሁኑኑ ሄደን እናያለን። እውነት ከሆነ ወንድምሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። መንገዱን የዘጉት ደግሞ የእጃቸውን ያገኛሉ።"

ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ መልሼ የምውጠው ነገር አልነበረም። ወንድሜን የማወጣበት በር የአጎቴ መግቢያ ሆነ።

በክሪን አመጡት። ክንዱ በቆሸሸ ጨርቅ ታስሯል፤ ከንፈሩ አብጧል። ሲያየኝ ፈገግ ሊል ሞከረ፣ አመመው። ጓድ ልሳኑ ቃል በቃል፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጎ ነገረው። "ላሌ ማለት አየሁ ማለት እንደሆነ እህትህ ነግራኛለች። አንድ ነገር ገጭተህ ነው የወረድከው። ቦታውን አሳየኝ፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።"

"ቦላ ጄዲ!" ብዬ ጮህኩ፤ ጉድጓድ በል ማለቴ ነው። በድሪ በክርኑ ደረቴን ብሎ ከግድግዳው አጣበቀኝ።

በክሪ አላየኝም። ወለሉ ላይ የተጋደመውን ቸርኬ ነበር የሚያየው፤ የታጠፈው ጠርዝ ላይ የቀረውን ቀይ ጭቃ። ያንን ጭቃ ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል፤ ልጅ ሆኖ በእግሩ እየረገጠ አቡክቶታል። ቀና ሲል ዓይኑ ረጋ ብሎ ነበር። እኔ አወቅሁ። ምን ሊል እንደሆነ ከመናገሩ በፊት አወቅሁና "በክሪ፣ እንዳታደርገው" አልኩ። ድምፄ ግን አልወጣም።

"ጓድ" አለ፣ "እህቴ ለእኔ ብሎ ዋሸ። እኔ ምንም አልገጨም። ጎማውን አላላሁት።"

እንዲህ ነው ያለው። አላላሁት። "እኔ መጣ" የሚለው በክሪ፣ "ሻይ ቀዳ" የሚለኝ በክሪ። እዚያ ጨለማ ቤት "አላልተሃል! አላላሁ በል!" እያሉ ስንት ጊዜ እንደጮሁበት እንጃ፤ ግሡን አስተምረውት ነበር።

ጓድ ልሳኑ ወደ ብረቱ ጠቆመ። "ይህስ? ይህን ምን አጠፈው?"

"እኔ በመዶሻ መታ።"

"ይሆናል?" አለ ጓድ ልሳኑ ወደ ኩማ ዞሮ። "በመዶሻ እንዲህ ይታጠፋል?"

ኩማ በክሪን አየው። በክሪም አየው፤ እንደሚለምን ሰው ነው ያየው። ኩማ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ የጨበጠው ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ።

"ብረት በመዶሻ ይታጠፋል ጓድ" አለ። አልዋሸም፤ ዕድሜ ልኩን ያጠፈው በመዶሻ ነው።

ጓድ ልሳኑ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። በክሪን ሲወስዱት እኔ ምን እንደሆንኩ አላስታውስም፤ ኩማ ደግፎ ነው ያወረደኝ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት በድሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳህኔን ተቀበለኝ። ሳህኑን ሲቀበለኝ ገና ገባኝ። "ከዚህ በኋላ አታምጪ" አለኝ፤ ዓይኔን አላየኝም። ማልቀስ ክልክል ስለነበር በር ዘግተን ዱዓ አደረግን።

ኩማ ላንድሮቨሩን አስነስቶ አስረከበ። ከዚያ ወዲያ ሲዘምር ሰምቼው አላውቅም። ጠጠር መወርወሩ ቀረልኝ። አንዳንዴ እንዲያውም እኔው በአጥሩ ላይ አንገቴን ብቅ አድርጌ "አቦ ኩማ፣ አንድ ነገር በል እንጂ" እለዋለሁ፤ ራሱን ነቅንቆ ብሎኑን መፍታቱን ይቀጥላል።

አዝመራው ሲገባ አጎቴ አብዱልቃዲር መጡ። በአህያ አንድ ጆንያ ማሽላ ጭነው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው። ጓዳ አስገብቼ አስቀመጥኳቸው። ዱዓ አደረጉለት፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። ከዚያ ስለ አገሩ ጠየቅኋቸው፤ ሌላ ምን ልበል?

"አልሐምዱሊላህ፣ ዘንድሮ ጥሩ ነው" አሉኝ። "በመሃል የማን መኪና እንደሆነ እንጃ ክትራችንን ደርምሶብን ነበር። ዝናብ ስለነበር ማን እንደሆነ ያየ የለም። ቶሎ ጠግነን ውሃው ገባልን።"

ከዚያ አንገታቸውን ደፉ።

"ረዲያ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መንደሩ ሁሉ እኔን ይጠይቀኛል፤ አፍሬ ሰው መሃል መቀመጥ አቅቶኛል። እኔ ያሳደግሁት ልጅ፣ ሰው የተሳፈረበትን ጎማ ለምን አላላው? ምን በድዬው ነው እንዲህ ያለ ልብ ያወጣው?"

አፌ ድረስ መጣ። ላሌ ነው ያለው፣ አየሁ ነው ያለው፣ ለእርስዎ ብሎ ነው ልላቸው። ግን አጎቴን አውቃቸዋለሁ። ይህን ቢሰሙ ምርኩዛቸውን ይዘው በቀጥታ ላይኛው ግቢ ይወጣሉ፤ "ክትሩን የሠራሁት እኔ ነኝ" ይላሉ። ያኔ ወንድሜ በከንቱ ሞተ ማለት ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔን ግን ከውስጥ ይበላኛል።

"እንጃ አጎቴ" አልኳቸው። "እኔም አላውቅም።"

"አላህ ይቅር ይበለው" ብለው ተነሱ። እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው፤ አህያቸውን እየነዱ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

ማሽላውን ብዙ ቀን አልነካሁትም። በኋላ አስፈጨሁትና ጋግሬ በላሁ። ጣፋጭ ነበር፤ ያን ዓመት ውሃው ደህና ገብቶለታል።